ጋቢ የለበሰች ጊታር

ሙሽሮቹ አዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። ኪቦርዱ ጀመረ፣ ድራሙ ተከተለ፣ እኔም ክሩን መታሁ። ዝም። ኬብሉን ነካ ሳደርገው አንዴ "ክርር" አለና መልሶ ጸጥ። ያን ቀን የመግቢያውን ዘፈን የጨረስኩት የምጫወት መስዬ እጄን እያወዛወዝኩ ነው። ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለ። ፈገግታዬ የሙሽራውን ያስንቃል።

ከዚያ ወዲህ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ይህችው ጊታር ደጋግማ ታመመችብኝ። አንዱን በሽታ ያመጣሁባት ራሴ ነኝ። ለመድኃኒቱ ያወጣሁት ብር ብዙ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ያልታመመውን ስቀይር ያጠፋሁት ጊዜ ነው። ክር ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ አንድ ጊዜ ማጉያውን፣ አምፑን፣ ልሸጥ ሁሉ ነበር። እናንተ ያን ያህል እንዳትንከራተቱ የደረሰብኝን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ፒክአፕ ስል መኪናዋን አይደለም። ክሮቹ ሥር የተቀመጠውን ማለቴ ነው። ውስጡ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሲንግል ኮይል የሚባለው ባለ አንድ ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ከ7,000 እስከ 8,000 ዙር ገደማ አለው። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እሷ ፒክአፕ በሚመርጠው ስዊች፣ በቮልዩሙና በቶኑ በኩል አልፋ ኬብል የሚሰካበት ጃክ ጋ ትደርሳለች። አለቀ። ባትሪ የለ፣ ቺፕ የለ። ስለዚህ የሚበላሽበት ቦታም በጣት የሚቆጠር ነው።

የሰርጉ ቀን በሽታ ጃኩ ነበር። ግን ይህን ያወቅኩት አዲስ ኬብል ገዝቼ፣ ቀጥሎ ፒክአፑን ጠርጥሬ፣ ፕላስቲኩን ሁሉ ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። መንገዱ መሆን የነበረበት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚሠራ ሌላ ጊታር በዚያው ኬብልና በዚያው አምፕ መሞከር። ሌላ ጊታር ከሌለ ኬብሉን ከጊታሩ ንቀሉና የአምፑን ድምፅ ቀንሳችሁ የኬብሉን ጫፍ በጣት ንኩት። "ኡምምም" ካለ አምፑም ኬብሉም ደህና ናቸው። ኬብሉን እያጣመማችሁ ድገሙት፤ አንገቱ ላይ ስታጥፉት የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

የጃኩ ነገር እንዲህ ነው። ከውጭ ያለችው ብሎን ትላላለች። ኬብል በሰካችሁና በነቀላችሁ ቁጥር ጃኩ በሙሉ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ከውስጥ የተበየዱት ሁለት ሽቦዎች አብረው ይጠመዘዛሉ። አንድ ቀን አንዱ ይበጠሳል። የእኔው ከላይ ሲታይ የተያያዘ ይመስል ነበር፤ ፕላስቲክ ሽፋኑ ብቻ ነበር የያዘው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። መልሼ በየድኩት። ብሎኗን ስታጠብቁ ታዲያ ጃኩን ከውስጥ በፒንሳ ያዙት። አለዚያ ስታጠብቁት ያው ሽቦውን እየጠመዘዛችሁት ነው። የኬብሉን ጫፍ የምትይዘው የጃኩ ምላስም በጊዜ ብዛት ትከፈታለች። ወደ ውስጥ ትንሽ ማጠፍ ይበቃል።

ቮልዩሙ ሲዞር ካንኮሻኮሸ እዚህ ብዙ አልቆይም፦ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ በፖቱ (ቁልፉ ሥር ያለው የሚዞረው ዕቃ) ቀዳዳ ትንሽ ንፉበትና ሠላሳ ጊዜ ያህል ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። የበር ማጠፊያ የሚያለሰልሰውን ዘይት ግን አደራ። ለሳምንት ጸጥ ይልና ኋላ አቧራ ሰብስቦ ይብስበታል።

አሁን ወደ ዋናው መሣሪያ። ጊታር የሚነካካ ሰው ሙልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይግዛ። ርካሹ ይበቃል። እኔ የምሠራበት ከመርካቶ የገዛሁት ቢጫው ነው፤ ሽፋኑ በፕላስተር ነው የተያዘው። ደስ የሚለው ነገር ጊታሩን ሳትፈቱ የውስጡን ማየት መቻላችሁ ነው። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰኩት። ሌላኛውን ጫፍ አምፕ ላይ አትሰኩት፤ እጃችሁ ላይ ይቅር። ሜትሩን ኦም ላይ፣ 20 ኪሎ የሚለው ጋ አድርጉት። አንዱን መርፌ ኬብሉ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን አካሉ ላይ ያዙ። ቮልዩምና ቶን እስከ መጨረሻ ይከፈቱ፤ ስዊቹ አንድ ፒክአፕ ብቻ ላይ ይሁን።

ሲንግል ኮይል ከሆነ ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ኦም አካባቢ ታያላችሁ። ባለ ሁለት ጥቅሉ፣ መደበኛው ሀምባከር ከ7 እስከ 9 ነው። ኃይለኛ ተብለው የሚሠሩት እስከ 16 ይወጣሉ። ስዊቹን ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ የሚሠሩበት ቦታ ላይ ስታደርጉት ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ይሄ ጤናማ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር።

ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ከሆነ የሆነ ቦታ ሲግናሉ (ድምፁን የሚወስደው ሽቦ) እና ግራውንዱ (የመመለሻው ሽቦ) ተነካክተዋል። ወይም ደግሞ ቮልዩሙን መክፈት ረስታችኋል፤ ሁለቴ ደርሶብኛል። ሜትሩ በግራ በኩል "1" ብቻ ካሳየ ከልኩ በላይ ነው ማለት ነው። ያኔ 2 ሜጋ ወደሚለው ከፍ አድርጉት። 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም አካባቢ ካገኛችሁ የምትለኩት ፖቱን ብቻ ነው፤ የፒክአፑ ሽቦ ተቆርጧል። እዚያም ላይ "1" ካለ፣ በሁሉም የስዊች ቦታ እንዲያ ከሆነ፣ ጃኩን ወይም ኬብሉን ጠርጥሩ። የእኔ ጊታር የሰርጉ ለት እንዲህ ብትለካ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ትናዘዝ ነበር።

ሽቦው የተቆረጠ ፒክአፕ ሙሉ በሙሉ አይሞትም፤ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። እንደ ትንኝ የቀጠነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ይሰጣል። "ድምፁ አነሰ" ብሎ አምፑን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ።

ሁለተኛው በሽታ የመጣው የቮልዩሙ ፖት ዘንጉ ተሰብሮ ነው። ጊታሩን ይዤ አንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ለጊታር የሚሆን ፖት አለዎት?"

"ቮልዩም አይደል እንዴ? ቮልዩም ቮልዩም ነው። ቁጭ በል።"

ሻይዬን ሳልጨርስ ገጠሙት። ብየዳቸው የሚያምር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር። ሞከርነው፤ ሠራ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ ልምምድ ላይ ግን ጊታሯ ጋቢ ለብሳ መጣች። ድምፅ አለ፤ ብርሃን የለውም። ቀጭኖቹ ክሮች እንኳ እንደ ወፍራሞቹ ጉርምርም ይላሉ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ "ፎጣ ጣል አድርገህባታል እንዴ?" አለኝ። ክር አርጅቷል ብዬ ቀየርኩ። አምፑ ላይ ትሬብሉን እስከ ጥግ ከፈትኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። በመጨረሻ ፕላስቲኩን ፈትቼ አዲሱን ፖት ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ "ቢ 50 ኬ" ይላል።

ነገሩ ይሄ ነው። ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ሲከፈት እንኳ ፖቱ በሲግናሉና በግራውንዱ መካከል ተቀምጧል። የቁጥሩ ማነስ ለቀጭኑ ድምፅ የማምለጫ በር መክፈት ነው። ለሲንግል ኮይል የሚገጠመው 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምባከር ደግሞ 500 ነው። 50 ሲገጠም ብርሃኑ ሁሉ በዚያ በር ይወጣል። ጋሼ አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ በእሳቸው ሬዲዮ ውስጥ 50 በደንብ ይሠራል። የሬዲዮው ቮልዩም ማጉያ ሰርኪዩት መሀል ነው ያለው። የጊታር ፒክአፕ ግን አቅመ ደካማ ነው፤ የሚያግዘው የለም።

250 ፈልጌ አጣሁ። 500 አገኘሁ። ሲንግል ኮይል ላይ 500 ብትገጥሙ ምንም አይበላሽም፤ ድምፁ ትንሽ ጆሮ ይወጋል እንጂ። እሱን ካልወደዳችሁት ዘዴ አለው፦ 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ግዙና የፖቱን ሁለት ዳርና ዳር እግሮች በእሱ አገናኙ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ 242 ኪሎ ኦም ገደማ ይሆናሉ። የመዞሩ ስሜት ትንሽ ይለወጣል፤ እኔ ሁለት ቀን ሳይሞላ ለምጄዋለሁ። ፊደሉንም እዩ። በብዙዎቹ የእስያ ፖቶች ላይ "ኤ" የተባለው እንደ ጆሯችን ቀስ እያለ የሚከፍተው ነው። "ቢ" ቀጥተኛ ነው። ለቮልዩም ብዙ ሰው "ኤ"ን ይመርጣል።

ቀጭኑን ድምፅ የሚያስወጣው የቶኑ ካፓሲተር ደግሞ የሚያስጨንቅ ዕቃ አይደለም። ላዩ ላይ 223 ከተጻፈ 0.022 ማይክሮፋራድ ነው፤ 473 ከሆነ 0.047። የመጀመሪያው ሀምባከር ላይ፣ ሁለተኛው ሲንግል ኮይል ላይ የተለመደ ነው። ከሞተ ሬዲዮ ቦርድ ላይ ነቅላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ወርቅ የተቀባና ስም ያለው ካፓሲተር በውድ የሚገዙ አሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማ ልዩነቱን አልለየውም።

ከቮልዩሙ ሳንርቅ፦ ቮልዩም ወደ ግማሽ ስታወርዱ ብቻ ድምፁ የሚደበዝዝ ከሆነ በሽታ አይደለም። የጊታር ተፈጥሮ ነው። ኬብል ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ይይዛል። ስድስት ሜትር ኬብል ማለት 600 መሆኑ ነው። ከመድረክ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ካልሆናችሁ አጭር ኬብል ግዙ። የቀረው ደብዛዛነት ከጠላችሁት 1,000 ፒኮፋራድ አካባቢ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር በፖቱ መግቢያና መውጫ እግር መካከል ማድረግ ይቻላል፤ 102 ተብላ ትጻፋለች።

ስለ ሃም እናውራ። "ኡምምም" የሚለውን ማለቴ ነው። እዚህ አገር መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሙት ጉርምርምታ እሱ ራሱ ነው። ሲንግል ኮይል አንቴና ማለት ነው፤ የትራንስፎርመሩንም የመብራት ማደብዘዣውንም ይለቅማል። ጊታሩን እንደያዛችሁ በቆማችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ። አንድ አቅጣጫ ላይ በጣም ይቀንሳል። ከቀነሰ የሚለቀመው ከአየር ነው፤ ሽቦ ብትበይዱ ብትነቅሉ አይለቅም። ከአምፑ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ አጠገባችሁ የተሰካ ቻርጀር ካለ ንቀሉ።

ቀጥሎ ክሮቹን በእጃችሁ ንኩ። ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ የክሮቹ ግራውንድ ይሠራል ማለት ነው፤ ጊታሩ ጤነኛ ነው። ምንም ካልተለወጠ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ብሪጅ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተቆርጧል። ስትራቶካስተር መሰል ጊታር ላይ ከጀርባ ያሉትን ስፕሪንጎች የያዘችው ብረት ላይ ተበይዶ ታገኙታላችሁ። ስትነኩ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። የበየዳችሁት በቅርቡ ከሆነ መቶ በመቶ እሱ ነው በሉ።

የጊታሩን ሆድ ዕቃ በፎይል መሸፈን ይረዳል። የመዳብ ቴፕ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ የመበየጃው ሊድ ይይዝበታል። እኔ የወጥ ቤት ፎይል ነው ያለበስኳት። አሉሚኒየም ላይ ሊድ አይይዝም፤ ስለዚህ የግራውንዱን ሽቦ በቡሎን ጠቅጥቄ አሰርኩት። ስጨርስ ጊታሯ ጭራሽ ዝም አለች። የጃኩ ምላስ ኬብል ሲሰካ ወደ ጎን ተገፍታ ፎይሉን ትነካ ነበር። በእሷ ትክክል አንድ ቁራጭ ጥቁር ቴፕ ለጥፌ ተገላገልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ግን አትለፉት። አንድ ድንኳን ውስጥ በጀነሬተር ስንጫወት ድምፅ ላግዝ ወደ ማይኩ ጠጋ አልኩ። ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ በጥርሴ ውስጥ መርፌ የሄደ መሰለኝ። የባንዱ ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በእረፍት ሰዓት ግን ሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት፣ ትልቁ ቁጥር ጋ አዞርኩና አንዱን መርፌ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አስነካሁ። 110 ቮልት ገደማ። ሁሉም ሰው መሳቁን አቆመ። የአምፑ ሦስተኛ እግር፣ ኧርዙ፣ በማከፋፈያው ውስጥ የትም አልተገናኘም ነበር። ማይኩ በሌላ መስመር ነው የመጣው።

እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ መጫወት አቁሙ። አምፑንና ሚክሰሩን ኧርዝ ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ውሰዱ፣ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ሃም ለማጥፋት ብለው የኧርዙን እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው። ቱቦ ያለው አምፕ ደግሞ ከመብራት ተነቅሎ እንኳ ውስጡ ገዳይ ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጊታር ፍቱ፤ አምፕ አትፍቱ።

የፒክአፕ ከፍታም በሽታ ይመስላል። ለትዝታ ቀጭን ድምፅ እየፈለግኩ አንገቱ አጠገብ ያለውን ፒክአፕ በብሎኑ ከፍ፣ ከፍ አደረግኩት። ወፍራሙን ክር ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካው ቀጭን ብረት) ላይ ስጫን ሁለት ድምፅ የሚያወጣ፣ የሚወላገድ ነገር ሆነ። ከማንም በፊት የሚሰማው ድምፃዊ ነው፤ "ቅኝቱ ወረደ" አለኝ። ማግኔቱ ክሩን ወደ ራሱ ይስበው ነበር። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ በክሩና በፒክአፑ መካከል ያለውን ለኩ። ለመደበኛ ሲንግል ኮይል በወፍራሙ በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ 1.6 ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጆሯችሁ ነው።

ራሴ ያመጣሁት በሽታ አሁን ነው የሚመጣው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ሀምባከር ላከልኝ። ያገለገለ፣ ከሌላ ጊታር የወጣ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ በሰው ሻንጣ የመጣ። ሳጥን የለው፣ ወረቀት የለው። ጀርባው ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ሽቦና አንድ ራቁቱን የሆነ ሽቦ አሉ።

ሀምባከር ሁለት ጥቅል ነው፤ ጎን ለጎን። ሴዝ ላቨር የተባለ የጊብሰን መሐንዲስ ነው የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1955 ያመለከተበት። ሐሳቡ ብልህነት አለው። ሁለቱ ጥቅሎች ማግኔታቸውም ጥምጥማቸውም ተቃራኒ ነው። የክሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይገለበጥና ይደመራል። ከአየር የተለቀመው ሃም ግን ማግኔት ስለማይገደው አንዴ ብቻ ይገለበጥና እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ስልኬ ላይ የቆየ አንድ ንድፍ ነበረኝ። ጥቁሩ ሲግናል፣ ቀይና ነጭ አንድ ላይ ታስረው የሚሸፈኑ፣ አረንጓዴና ራቁቱ ወደ ግራውንድ። ካውያዬን፣ የመበየጃውን ብረት፣ አሞቅኩ። ስለ ብየዳ አንድ ነገር ላስገባ፦ መጀመሪያ ሽቦውንና ፖቱን አሙቁ፣ ከዚያ ሊዱን ወደ ሞቀው ነገር አስጠጉ። ሊዱን ካውያው ላይ አቅልጦ እንደ ቅቤ መቀባት አይሆንም። የፖቱን ጀርባ ቀድማችሁ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጉት። 40 ዋት ካውያ ይበቃል። ከአምስት ሰከንድ በላይ ከቆያችሁ ፖቱ ውስጡ ይቃጠላል። ብየዳው ደብዛዛና አመድማ ከሆነ አልያዘም።

ብየዳዬ አማረ። ሜትሩ 8.1 ኪሎ ኦም አለ። እሰይ! ክሩን አስገባሁ፣ ቃኘሁ፣ መታሁ።

ከስልክ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ቀጭን፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ። ሃሙ ደግሞ ከሲንግል ኮይሎቹ ይብሳል።

ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ግራውንዶቹን ሁሉ ነቅዬ በየድኩ። ፎይሉን አነሳሁ፣ መለስኩ። ለአክስቴ ልጅ "የላክኸው ሞቷል" ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም ተቀየመ። ሜትሩ ግን በጠየቅኩት ቁጥር 8.1 ይለኛል።

ያወጣኝ ቤዚስታችን ነው። ስለ ሽቦ የሚያውቀው ነገር የለም። እየሰማኝ ቡናውን ፉት አለና፣ "እኔ የምልህ፣ ሀምባከር ማለት ሃም የሚገታ ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ ይሄ ሃም ካለው ሀምባከር መሆኑን በምን አወቅክ?" አለኝ።

ቀልዱ መሰለኝ። ማታ ተኝቼ ነው የገባኝ። ሃም የሚደመረውና ድምፅ የሚጠፋፋው ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱ ሲገለበጥ ነው! ኦም ደግሞ አቅጣጫ አያውቅም። ጥቅሉን ብትገለብጡት 8.1 ያው 8.1 ነው።

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ አራቱንም ሽቦ ነቀልኩ። የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ ጥቅል እንደሆነ በሜትር ፈለግኩ። በንድፌ መሠረት ጥቁርና ነጭ አንድ ጥቅል መሆን አለባቸው። ነካሁ፤ "1"። ምንም ግንኙነት የላቸውም። ጥቁርና ቀይ ነካሁ፤ 4.0። ነጭና አረንጓዴ፤ 4.1። ንድፉ ሌላ፣ ፒክአፑ ሌላ!

ለካ የቀለሙ ትርጉም በየፋብሪካው ይለያያል። እኔ የያዝኩት ንድፍ የሲይሞር ደንከን አቀያየስ ነበር። በዲማርዚዮ አቀያየስ ግን ሲግናሉ ቀዩ ነው፣ የሚታሰሩት ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አረንጓዴው ግራውንድ። የእኔ ጥንዶች ከዚህኛው ጋር ነው የሚገጥሙት። በዚሁ መሠረት በየድኩት፤ ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ኮርድ መታሁ። ከጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሃሙ የለም።

ቀለሙን ጭራሽ የማታውቁት ፒክአፕ ቢገጥማችሁም መላ አለው። ጥንዶቹን በሜትር ለዩ። ሜትሩን 20 ኪሎ ላይ እንዳለ አንዱ ጥቅል ላይ አገናኙት፤ የዊንዲቨር ጫፍ በጥቅሉ አናት ላይ ለጥፉና በአንዴ ንጠቁት። ቁጥሩ ለቅጽበት ወይ ይዘላል ወይ ይወርዳል። የትኛው መርፌ የትኛው ቀለም ላይ እንደነበር ጻፉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ አቅጣጫው የተለየ ከሆነ መርፌዎቹን አቀያይሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲዘሉ ቀይ መርፌ የነካው ሽቦ የጥቅሉ "ፊት" ነው በሉት። የአንዱን ጀርባ ከሌላው ፊት ጋር እሰሩ። የቀሩት ሁለቱ አንዱ ሲግናል፣ አንዱ ግራውንድ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ስዊቹን ሀምባከሩና መሀለኛው ፒክአፕ አብረው የሚሠሩበት ቦታ ላይ አድርጉ። ለየብቻ ጥሩ ሆነው አብረው ሲሆኑ ብቻ ከቀጠኑ፣ ሲግናሉንና ግራውንዱን አለዋውጡ። ራቁቱ ሽቦ ግን ከግራውንድ አይነቃነቅ።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ስልኩን አምፑ ፊት አስቀምጬ አምባሰል አጫወትኩለት። "ሞቷል አላልክም እንዴ?" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። "ለአንገቱም አንድ አለኝ፣ ልላክልህ?" አለ።

"ላክ" አልኩት። "ግን ሳጥኑ ካለ ሳጥኑንም ላከው።"